ከጨረቃ እስከ ኮንዶሚኒየም

በ1989 ዓ.ም. አጋማሽ፣ አቃቂ በሚገኝ አንድ የቃጫ ውጤቶች ፋብሪካ ውስጥ ያልተለመደ ሥራ ተጀመረ። ሠራተኛው ከማሽኑ ተነሥቶ ለጥናት ወደተከፈተ ክሊኒክ ይሄዳል፤ ክንዱን ዘርግቶ ደም ይሰጣል፤ ከዚያ ጠያቂው ፊት ተቀምጦ ለነፍስ አባቱ እንኳ ተናግሮት የማያውቀውን ጉዳይ ይጠየቃል። ከስንት ሰው ጋር ግንኙነት ፈጽሟል? ወደ ሴተኛ አዳሪ ሄዶ ያውቃል? በብልቱ ላይ ፈሳሽ ወይም ቁስል አይቶ ያውቃል? ኮንዶም ይጠቀማል? ከሁሉም የሚከብደው ግን ስለ ራሱ የሚጠየቀው ነበር፤ በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ምን ያህል እንደሚመስለው። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ይኸንኑ ይጠየቃል፤ ደሙም እንደገና ይመረመራል።

ሥራው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ነበር። ፕሮጀክቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋምና በአምስተርዳም የጤና ተቋማት ትብብር ይካሄድ ነበር። ከአቃቂ ቀጥሎ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችም ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ1999 «ኤድስ» በተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው አንዱ ጽሑፍ ርእሱ ላይ ሦስት ነገሮችን ደርድሯል፦ የወሲብ ባሕርይ፣ ሰዎች ስለ ራሳቸው አደጋ ያላቸው ግምት፣ እና የምርመራ ውጤታቸውን ለመስማት ተመልሰው የመጡ ሰዎች ሁኔታ። ያ መካከለኛው ነገር፣ ጎልማሳ ሰው ስለ ራሱ አደጋ የሚገምተው ግምት፣ እዚህ አገር ረጅም ታሪክ አለው።

ያን ጊዜ በአቃቂ አቅራቢያ ያለው ኮዬ ፈጬ የእርሻ ቦታ ነበር። ጥቁሩ መሬት ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ያበቅላል። ገበሬው ለገበያ ወደ አቃቂ ይወጣል፤ የአቃቂ ሠራተኛ ግን ወደ ኮዬ ፈጬ የሚወስደው ጉዳይ አልነበረውም። ዛሬ በዚያው መሬት ላይ ፎቅ በፎቅ የሆነ ከተማ ቆሟል፤ ከመርካቶ፣ ከቂርቆስ፣ ከፒያሳ፣ ከክፍለ ሀገርም የመጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጎልማሶች ሰፍረውበታል። ቤቱ አዲስ ነው። ሰው ስለ አባላዘር በሽታ ይዞት የመጣው ግምት ግን አሮጌ ነው፤ ከጨረቃ ይጀምራል።

በድሮው እምነት ጨብጥ የሚይዘው ጨረቃ ፊት ለፊት የሸና ሰው ነው። ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ መሽናትም ያመጣዋል ይባል ነበር። ይኸ አባባል በገጠር ብቻ የቀረ አይደለም፤ በከተማ ክሊኒኮች ሕመምተኞችን የጠየቁ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲሰሙት ኖረዋል። እምነቱን እንደ አላዋቂነት ብቻ ቆጥሮ ማለፍ ግን ስህተት ነው። ጨብጥ የያዘው ወንድ ሲሸና ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ከሚያቃጥል ነገር መፈለጉ የራሱ አስተሳሰብ አለው። ከዚህም በላይ ጨረቃ ምስጢር ትጠብቃለች። ባል ከጉዞ ተመልሶ ሕመም ቢገኝበት፣ ጨረቃን ጥፋተኛ ማድረግ ትዳሩን ከፍርድ ያድናል፤ ሚስትም መጠየቅ የማትችለውን ጥያቄ እንዳትጠይቅ መንገድ ይሰጣታል። ሰው አደጋውን ከአልጋው አውጥቶ ሰማይ ላይ ያኖረበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

ቂጥኝ ግን በጨረቃ የሚሸፈን አልነበረም፤ ፊት ላይና አጥንት ላይ ይወጣልና። ባለፉት መቶ ዘመናት በኢትዮጵያ ያለፉ የውጭ ተጓዦች ከገበሬ እስከ መኳንንት በየደረጃው ያለ ሰው እንደሚታመምበት ጽፈዋል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት የእነዚህን ተጓዦች ማስታወሻ አሰባስቦ የአገሪቱን የሕክምናና የሴተኛ አዳሪነት ታሪክ ሲጽፍ ቂጥኝን ደጋግሞ ያነሣዋል። ተጓዦቹ የሚያዩትን ቁስል ሁሉ ቂጥኝ ማለት ይወዱ ስለነበር ቁጥራቸውን እንዳለ መቀበል አይገባም፤ አብዛኞቹ ሐኪሞች አልነበሩም፣ የደም ምርመራም በዓለም ላይ ገና አልነበረም። በሽታው ግን ነበረ፤ ለዚህ ዋናው ምስክር የአገሩ ሰው የጻፈው ነው። ሊቃውንቱና መድኃኒት አዋቂዎቹ በብራና ያቆዩአቸውና በኋላ ምሁሩ ስቴፋን ስትሬልሲን ያሳተማቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ለቂጥኝም ለጨብጥም ሥርና ቅጠል ያዝዛሉ።

ከሕክምናዎቹ ሁሉ ብርቱው ወሸባ መግባት ነበር። ሕመምተኛው ቤት ተዘግቶበት፣ ነፋስና ብርሃን ተከልክሎ፣ የተመጠነ ምግብ እየበላ፣ የተቀቀለ የሥር ውሃ እየጠጣ ለሳምንታት ይቀመጣል። ያልበው ዘንድ ይሸፈናል፤ ጠያቂ አይገባበትም። ሜርኩሪ የሚታጠንም ነበር፤ ድዱ አብጦ ምራቁ እስኪዝረከረክ ድረስ ይታጠናል፤ ያም የመድኃኒቱ መሥራት ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ጨብጥ የያዘው ደግሞ እንዶድ ይጠጣ ነበር፤ መጠኑ ካለፈ የሚገድል ነገር ነው። ጠበልና ፍልውሃም አሉ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በዚያ ፍልውሃ ዙሪያ ነው፤ ለመታጠብ ከሚመጣው ሰው መካከል የቆዳና የአጥንት በሽተኛው ብዙ ነበር።

ወሸባ የገባ ሰው ምን እንዳመመው ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። የሚያስገርመው ይኸ ዕውቀት ለሌላው ሰው ማስጠንቀቂያ አለመሆኑ ነው። በሽታው ሊድን የሚችል፣ በሰው ሁሉ የሚደርስ ችግር ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ቁስሉ ከጠፋ በኋላ ያ ሰው ዳነ ይባላል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። የቂጥኝ ተንኮል እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ቁስል አያምም፤ ቢታከምም ባይታከምም ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ራሱ ይጠፋል። መድኃኒት አዋቂውም፣ ጠበሉም፣ ሜርኩሪውም የዳነውን ሁሉ እኔ አዳንሁት ማለት የቻሉት ለዚህ ነው። በሽታው ግን ደም ውስጥ ተኝቶ ዓመታት ይጠብቃል።

አዲስ አበባ ስታድግ አደጋው አድራሻ አገኘ። ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ አቤቱታ ይዞ ደጅ የሚጠናው ሁሉ ቤተሰቡን ትቶ ይመጣል፤ ከባሏ የተፋታች፣ በልጅነቷ ተድራ የሸሸች ሴትም ትመጣለች። ጠጅ ቤቱና ጠላ ቤቱ የሁለቱ መገናኛ ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ መድኃኒት ቤት የከፈተው ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ የአባላዘር በሽታ ትልቅ ቦታ ይዟል። ከዚህ ወዲያ በከተማው ሰው አነጋገር በሽታው የቡና ቤት ሴት በሽታ ሆነ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን ሲይዝ ይኸንኑ አስተሳሰብ ደንብ አድርጎ አጸናው፤ ወታደሮቹ የሚሄዱባቸውን ቤቶች ለየ፣ ሴቶቹን በሐኪም አስመረመረ። ወደ እነርሱ የሚሄደውን ወንድ እንደ በሽታ ምንጭ የቆጠረው ግን አልነበረም። ሴቲቱ ትመረመራለች፤ ወንዱ ይጠበቃል። ይኸ አሠራር ከወራሪው ጋር ቢሄድም አስተሳሰቡ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አልተነቀለም።

ከጦርነቱ በኋላ ፔኒሲሊን መጣ። ሳምንታት በወሸባ የሚያሳልፈው ሰው አንድ ሁለት መርፌ ተወግቶ በሳምንቱ ሥራ ይገባ ጀመር። በረከት ነበር። ፍርሃቱንም አብሮ ወሰደው፤ ውቤ በረሃ የተባለው የምሽት መዝናኛ ሰፈር በደመቀበት ዘመን ለነበረው የከተማ ወጣት ጨብጥ ከጓደኛ ጋር የሚሳቅበት፣ መርፌ ወጊ ዘንድ ተሄዶ የሚያበቃ ነገር ሆነ።

አቃቂ በዚህ መካከል ነው የኢንዱስትሪ ከተማ የሆነችው። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ ጣቢያ ነበራት፤ በኋላ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቃጫና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተከተሉ። ቃሊቲ ደግሞ የከባድ መኪና ማደሪያ ሆነ፤ ከአሰብም ሆነ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ በሞጆ፣ በደብረ ዘይትና በዱከም አልፎ በዚህ በር ይገባል። ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን የአረቄና የጠላ ቤቶች ይሞላሉ። ወንዱ ከገጠር ብቻውን መጥቶ በሦስት በሁለት ሆኖ ቤት ይከራያል፤ ሚስቱ አገር ቤት ናት፤ ለመስቀልና ለፋሲካ ይሄዳል፣ ይዞት የሚሄደውን ግን አያውቅም።

ይኸን «ይዞት የሚሄደውን» በደም ምርመራ ያሳየችው ስኮትላንዳዊቷ የማኅፀን ሐኪም ሜሪ ዳንከን ናት። በደርግ ዘመን ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ለማኅፀን ሕመም፣ ለእርግዝናና ለወሊድ ክትትል የመጡ ሴቶችን መረመረች። በርካታ ጽሑፎች አሳትመዋል፤ ከመካከላቸው እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ሴተኛ አዳሪዎችንና ከመጀመሪያ ባላቸው ጋር እየኖሩ ያሉ ሴቶችን ጎን ለጎን አድርጎ ያያል። ሴተኛ አዳሪዎቹ ላይ በሽታው መብዛቱ የሚጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው ሌላው ነው፤ በዕድሜያቸው ከአንድ ሰው፣ ከባላቸው በቀር ወንድ የማያውቁ ሴቶችም የቂጥኝና የጨብጥ አሻራ በደማቸው ተገኘ። አንዳንዶቹ ሆስፒታል የመጡት ልጅ እምቢ ብሏቸው ነበር፤ የማኅፀን ቱቦአቸውን ያልታከመ ኢንፌክሽን ዘግቶታል።

በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ይህች ሴት የድሮው ሥርዓት ያዘዛትን ሁሉ አድርጋለች። በድንግልና ተድራለች፤ ከቤቷ አልወጣችም። ስለ አደጋዋ ብትጠየቅ «እኔ ምን አለብኝ?» ማለቷ ተገቢ ነው። በራሷ ሥራ ብትለካ አደጋ የለባትም፤ አደጋዋ የሚለካው በባሏ ሥራ ነው፤ ስለዚያ ደግሞ መጠየቅ ነውር ነበር። ልጅ ስላልወለደች የተፈታች ሴት ወደ ከተማ ትገባለች፤ የምትኖርበት ሌላ ብልሃት ስታጣ ቡና ቤት ትቀጠራለች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የበሽታው ምንጭ እርሷ ናት ይላል።

ኤችአይቪ የገባው በዚህ መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በተወሰደ ደም ውስጥ ቫይረሱ መኖሩ ታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በዋና ዋና መንገዶች ዳር ባሉ 23 ከተሞች ሴተኛ አዳሪዎች ሲመረመሩ ከመቶ 17 ያህሉ ቫይረሱ ተገኘባቸው፤ ከረጅም መንገድ ሾፌሮች ደግሞ ከመቶ 13 ያህሉ። ቁጥሮቹ እውነተኛና አስፈላጊ ነበሩ። ሕዝቡ ዘንድ ሲደርሱ ግን ትርጉማቸው ሌላ ሆነ። ሾፌር ያልሆነ፣ ቡና ቤት የማትሠራ ሁሉ ነፃ ነኝ አለ። በጨረቃዋ ቦታ አሁን በሸራ የተሸፈነ ከባድ መኪና ተተካ።

እ.ኤ.አ. በ1990 «ሕይወት ትረስት» ኮንዶም በርካሽ ዋጋ ገበያ ላይ ዋለ። በየሱቁ ቢገኝም ባልና ሚስት የሚነጋገሩበት ነገር አልነበረም። ኮንዶም ማውጣት ማለት «አንቺን አላምንም» ወይም «እኔ አልታመንም» ማለት ነበር። ሰው ለማያውቃት ሴት ይጠቀምበታል፤ በሦስተኛው ቀን ሲለምዳት ያቆመዋል፤ መልመዱን እንደ ምርመራ ይቆጥረዋል።

በሽታው በአደባባይ ስሙ አይጠራም ነበር። ወጣቱ ከሳ፣ ሳለ፣ ከዚያ ጎኑን በመስመር የሚወጣው «አልማዝ ባለጭራ» ታየበት፤ ያን ያየ ጎረቤት ይገባዋል፣ አፉን ግን ይይዛል። በለቅሶው ላይ የሞተው በሳንባ፣ በጉበት ወይም በምች ነው ይባላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት የአዲስ አበባ እድሮች የሚቀብሩት ሰው ዕድሜው እየወረደ መምጣቱን አዩ፤ ካዝናቸውም ያንን ይናገር ነበር። አያት የልጅ ልጆቿን ሰብስባ ማሳደግ ያዘች። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች «መቅድም» እና «ተስፋ ጎህ» የተባሉትን ማኅበሮች አቋቁመው ፊታቸውን ለሕዝብ ማሳየት ሲጀምሩ ለአገሪቱ የከፈሉት ዋጋ ከባድ ነበር፤ ቤት አከራይ ያባረራቸው፣ ከሥራ የተሰናበቱ፣ ቤተሰብ ዕቃ የለየባቸው አሉ። ጎልማሳው ሰው አደጋው የሱም ሊሆን እንደሚችል ማሰብ የጀመረው በዋነኛነት በእነርሱ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አቃቂ ፋብሪካ እንመለስ። በየስድስት ወሩ የተጠየቁት የአቃቂና የወንጂ ወንዶች መልስ በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ ተለወጠ። ወደ ሴተኛ አዳሪ የሄዱት መጀመሪያ ከመቶ 11 ያህል ነበሩ፤ በመጨረሻ ከመቶ አንድ በታች ሆኑ። ከትዳር ውጭ የአጋጣሚ ግንኙነት አለኝ ያሉት ከመቶ 17.5 ወደ 3.5 ወረዱ። ፈሳሽ ታይቶብኛል የሚሉትም ከመቶ 2.1 ወደ 0.6 ቀነሱ። አንድ ሰው «ጠያቂውን ለማስደሰት የተሰጠ መልስ ነው» ሊል ይችላል፤ በከፊልም ልክ ሊሆን ይችላል። የፈሳሹ መቀነስ ግን ከመልሱ ጋር አብሮ ይሄዳልና ለውጡን በባዶ ማጣጣል አይቻልም።

ምን ለወጣቸው? በየስድስት ወሩ ምክር ማግኘታቸው ረድቷል፤ ለማን እንደሚናገሩ ያውቁ ነበር፤ ምስጢራቸውም ተጠብቋል። ከዚያ ይልቅ ግን ከጎናቸው ማሽን ላይ ይሠራ የነበረው ሰው ባዶ ቦታ ሳይሠራ አልቀረም። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሞት ስታቲስቲክስ አይደለም፤ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፍ የመዋጮ ዝርዝር ነው። አደጋው ስም፣ ፊትና የልብስ ሳጥን ያለው ሲሆን ብቻ ነው ጎልማሳ ሰው ወደ ራሱ የሚመለከተው።

ቀጥሎ መልካም ዓመታት መጡ። «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ሲተላለፍ ስለ ምርመራ በየቤቱ ወሬ ተከፈተ። «ወገን» የስልክ መስመር 952 ላይ ማንነቱን የማይናገር ሰው ጥያቄውን ይጠይቅ ጀመር። አብያተ ክርስቲያናት ለጋብቻ የመጡትን የምርመራ ወረቀት መጠየቅ ጀመሩ። ጥር 1997 ዓ.ም. ላይ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ተጀመረ። እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ የነበሩትን ሕሙማን በተመለከተም የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናገሩ፤ በዚህ ቃል የዳነ ሰው ብዙ ነው።

መድኃኒቱ ሰው አዳነ፤ እንደ ፔኒሲሊን ዘመን ሁሉ ፍርሃቱንም ይዞ ሄደ። የከሳ ጎረቤት ከሰፈር ጠፋ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት መካከል የቫይረሱ ስርጭት ከመቶ 0.9 ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ግን 3.4 ነበር። በዚያው ጥናት ስለ ኤችአይቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ከሴቶች ከመቶ 20፣ ከወንዶች ከመቶ 38 ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለ ኤችአይቪ በየአደባባዩ ቢልቦርድ የሚሰቀልበት ዘመን አልፎ ነበር። በዚያ ዘመን ገና ሕፃን የነበረው ትውልድ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ተከራይቷል።

ኮዬ ፈጬ የዚህ ትውልድ ሰፈር ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ የሚሆኑ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ከቦታዎቹ መካከል ዋነኛዋ እርሷ ነበረች፤ በመሬቱ ባለቤትነትና በአስተዳደር ወሰን ላይ የተነሣው ተቃውሞም ስሟን ለአገሩ ሁሉ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ ባለዕጣው፣ ተከራዩ፣ የግንባታ ሠራተኛው፣ ቂሊንጦ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብም አካባቢውን ሞልቶታል። ቱሉ ዲምቱ ላይ የአዳማ ፈጣን መንገድ ይጀምራል፤ ያ የሾፌሮች መንገድ ዛሬም እዚያው አጠገብ ነው።

በድሮ ሰፈር ሰው የጎረቤቱን ታሪክ ያውቅ ነበር፤ ቢያንስ የሚያውቅ ይመስለው ነበር። በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ግን ከፊት ለፊት በር የሚኖረው ሰው ስሙም አይታወቅም። አደጋን በሰው ስም፣ በሰፈር ዝናና በመልክ የመለካት ልማድ ላለው ጎልማሳ ይኸ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ መለኪያውን ወደ አለባበስ፣ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ደረጃ ይለውጠዋል። ደመወዝተኛ ናት፣ ጨዋ ናት፣ የራሷ ቤት አላት፤ አደጋ የለም። እርሱም መኪና አለው፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ አደጋ የለም። ሾፌሩንና የቡና ቤቷን ሴት የሚመለከቱት ግን አሁንም በድሮው ዓይን ነው።

ምልክቱ ሲመጣ የሚኬደው ከፎቁ ሥር ወዳለው መድኃኒት ቤት ነው። ወረፋ የቆመው ሰው እስኪያልቅ አንድ ጎልማሳ ወንድ ዳር ቆሞ የሳል ሽሮፕ ያነባል፤ ባንኮኒው ላይ ሰው ሲጠፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲፕሮ አለ?» ይላል። ለማን እንደሆነ አይጠየቅም። አንድ ቅጠል ክኒን በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ችግሩ ጨብጥ ሲፕሮን ከለመደው መቆየቱ ነው፤ የሕክምና መመሪያዎችም ወደ ሴፍትሪአክሶን መርፌ ከተሸጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። ቃጠሎው ትንሽ ይበርዳል፣ በሽታው ይቀራል፣ ቤት ያለችው ሴት ደግሞ ክኒኑ መገዛቱን እንኳ አትሰማም።

እርሷ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማትም። ክላሚዲያና ጨብጥ በሴት ላይ በብዛት ያለ ምልክት ይቀመጣሉ፤ ቂጥኝም እንደ ተባለው ያደባል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ በክላሚዲያ፣ በጨብጥ፣ በቂጥኝና በትሪኮሞኒያሲስ 374 ሚሊዮን አዲስ ኢንፌክሽን ደርሷል፤ በቀን ሲካፈል ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ያለው አሠራር ደግሞ በምልክት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ፈሳሽ ወይም ቁስል ይዞ የመጣ ይታከማል፣ አጋሩንም እንዲያመጣ ይነገረዋል። አጋሩን ይዞ መምጣት ግን ሰው ከሚፈራው ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ምልክት የሌለው ሰው በዚህ በር አይገባም፤ «አልታመምሁም» የሚለው ስሜቱ ከጨረቃዋ ይልቅ ብዙ ሰው አሳስቷል።

የማኅፀን በር ካንሰርም ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ነው። የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለው በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባቱ ሲጀመር ብዙ ወላጅ ልጄ ለምን ትከተባለች ብሎ የጠየቀው በሽታውን ከጋብቻ ጋር አያይዞ ስላላየው ነው።

ዛሬ በኮዬ ፈጬና በአቃቂ አካባቢ ምልክት ሳይኖራቸው በመደበኛነት የሚመረመሩት ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ነፍሰ ጡሯ ለመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ስትሄድ ደሟ ለኤችአይቪም ለቂጥኝም ይታያል። ቂጥኝ ከተገኘና በጊዜ ፔኒሲሊን ከተወጋች ፅንሱ ይድናል፤ ካልታከመ በሆድ ሊሞት ወይም ታሞ ሊወለድ ይችላል። እርሷ ታክማ ባሏ ሳይታከም ቢቀር ግን በወራት ውስጥ መልሳ ልትያዝ ትችላለች። ሴቲቱን መርምሮ ወንዱን መተው የጣልያን ዘመን አሠራር ነው፤ እስካሁን ድረስ በየቤቱ የቀጠለውም ያው ነው። በዕድሜዋ ባሏን ብቻ የምታውቀው የዳንከን ጥናት ሴት ዛሬም አለች፤ ስለ አደጋዋ ብትጠየቅ መልሷ አልተለወጠም።

ስለዚህ በኮዬ ፈጬም ሆነ በአቃቂ፣ ሚስቱ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ወይም ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የምትሄድ ባል በዚያ ቀን ሥራውን ለግማሽ ቀን ያስፈቅድ፤ አብሯት ይግባና የራሱን ደም ያስመርምር። ለመጋባት ያሰቡም ኤችአይቪን ብቻ ሳይሆን ቂጥኝንና ሄፓታይተስ ቢን አብረው ይጠይቁ። ምልክት ያየ ሰው ክኒን ከመግዛቱ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሲሄድም ብቻውን አይሂድ።